ሚስቴና ባለዳማው

ቅናተኛ ነኝ፤ ምን ላድርግ፣ ሲፈጥረኝ ነው። ያኔ ከመገናኛ ገርጂ ታክሲ ስነዳ፣ ሚስቴ ጋቢና ተቀምጣ ከኋላዋ ያለ ተሳፋሪ ሰዓት ሲጠይቃት እንኳ በስፖኪዮ አፈጥበት ነበር። በዚህ የተነሳ ስንቴ ከሰው መኪና ጋር ልላተም እንደነበር እኔና ረዳቴ ነን የምናውቀው።

በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ሚስቴ ዝምታ አበዛች። ከአርሲ ነው ያመጣኋት፤ አዲስ አበባ ላይ ዘመድ የላትም። ምን ሆንሽ ስላት ምንም ትለኛለች። የግቢያችን ሴቶች ቤት ተዘግታ ነው፣ አየር ትቀበል አሉኝ። እኔም አንድ እሁድ ታክሲዋን ከሥራ አሳርፌ፣ ከኮተቤ በላይ ወዳለው የተራራ ጫካ ይዣት ወጣሁ።

ያ ተራራ የሁሉም ነው፤ ከልካይ የለውም። በማለዳ ሯጮች፣ ረፈድ ሲል ሐኪም ተራመዱ ያላቸው ጎልማሶች፣ ከዚያ እንደኛ ያሉ ባለትዳሮች በባሕር ዛፉ መሃል ይወጣሉ። መንገድ ካሉት መንገድ ነው፤ ኮረትና ገደል። እኔ ገና ሳይጋመስ ምላሴ ወጣ። እሷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እንደ ፍየል ትዘላለች። አናቱ ላይ ካለው መስክ ስንደርስ፣ አንድ የአካባቢው ገበሬ ሁለት ፈረስ፣ አንዱ ዳማ፣ ይዞ ቆሟል። እሁድ እሁድ ሰው በሳንቲም ያስጋልባል።

ሰውዬው በኦሮምኛ አንድ ነገር አላት። መለሰችለት። ሌላ ጨመረላት፤ ሚስቴ ሳቀች። ፈገግ አለች አላልኩም፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከእኔ ጋር ስትኖር እንዲያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። ደሜ ፈላ።

ሰውዬው የዳማውን ፈረስ እርካብ ያዘላት። ኮርቻው ላይ ጉብ ስትል፣ ዕድሜዋን ሁሉ እዚያ የኖረች ትመስላለች። በጫካው መንገድ ጋለበች፤ እሱም በሌላው ፈረስ ተከተላት። እኔ መሪና ፍሬን የሌለው ነገር ላይ አልወጣም፤ ባሕር ዛፍ ተደግፌ ሳቃቸውን ከሩቅ አዳምጣለሁ። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት! አየር ትቀበል ብዬ ያመጣኋት እኔ፣ የሚያስቃት እሱ።

ስትመለስ ፊቷ በርቷል። ቁልቁለቱን እየቀደምኳት ወረድኩ። ከተራራው ግርጌ ያቆምናት ታክሲ ውስጥ ገብተን ሞተር ሳላስነሳ ዞርኩባት።

«ሰውዬውን ከየት ነው የምታውቂው?»

«አላውቀውም።»

«የማታውቂው ሰው ነው እንዲያ የሚያስቅሽ?»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ቋንቋዬን ሰምቼ ነው የሳቅኩት» አለች። «ከመጣሁ ጀምሮ እኛ ግቢ ውስጥ በቋንቋዬ ያናገረኝ ማን አለ? አንተ እንኳ፣ እንደምን አደርሽ በእናንተ ምን ይባላል ብለኸኝ ታውቃለህ?»

ሰው ቢሆን ደብድቤው፣ አለዚያም ደብድቦኝ ይወጣልኝ ነበር። በቋንቋ የቀና ሰው የማንን አንገት ያንቃል? ሳምንቱን ሙሉ እሷ ምግብ ታቀርባለች፣ እኔ እበላለሁ፣ በመሃላችን ያ ሰውዬ የተቀመጠ ይመስለኛል። እንደምን አደርሽ በእናንተ ምን ይባላል ብዬ ልጠይቃት እልና፣ ስናገረው ተሳስቼ ብትስቅብኝስ ብዬ እተወዋለሁ።

እሁድ ጋራዥ እሄዳለሁ ብያት ብቻዬን ተራራውን ወጣሁ። ለጠብ አልነበረም። ሰውዬው የዳማውን ኮርቻ እያጠበቀ አገኘሁት። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ፣ ባለፈው የጋለበችው ሴት ባል እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት፤ ሚስቴን ማሳቅ ፈልጌ ነውና ኦሮምኛ አስተምረኝ አልኩት።

እጁን ከኮርቻው አንስቶ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ወንድሜ፣ አስተማሪዋን ቤትህ አስቀምጠህ እኔ ዘንድ ዳገት ትወጣለህ?»

ይህንንም ከእኔ ቀድሞ ያወቀው እሱ መሆኑ አንገበገበኝ። ቁልቁለቱን ግን ወደ አስተማሪዬ በሩጫ ነው የወረድኩት።