ደካሞቹ ያልበሉት መኖ

በዓሣ ማርቢያው ግቢ ሁሉም «እትዬ መኖ» ይሏት ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠዋትና ከሰዓት ስድስቱን ኩሬዎች እየዞረች ዓሦቹን መግባለች። ሠራተኞቹ፣ «የእሷ ልጆችስ ጨዋ ናቸው፤ አፍ አይመልሱም» እያሉ ሲቀልዱባት አብራቸው ትስቅ ነበር።

አምና ሙቀት ሲገባ በሽታ ገባ። የዓሦቹ ዓይን ፈጠጠ፣ ሆዳቸው ተነፋ፤ በሳምንት ውስጥ የሁለት ኩሬ ዓሣ አልቆ ተንሳፈፈ። በመረብ እየጨለፈች፣ ኖራ እየነሰነሰች የቀበረችው እሷ ናት። የመጣው ወጣት የእንስሳት ሐኪም ቫይረስ መሆኑን፣ አንዴ ከገባም መድኃኒት እንደሌለው፣ መከላከያው ቀድሞ መከተብ ብቻ እንደሆነ ነገራቸው።

ዘንድሮ ኩሬዎቹ በአዲስ ጫጩት ዓሣ ከተሞሉ በኋላ ያው ሐኪም በበረዶ ሣጥን ክትባት ይዞ መጣ። ጣት የምታክል ዓሣ በሺዎች እየያዙ መርፌ መውጋት የማይሞከር ነውና፣ ይኼኛው ከመኖ ጋር ተለውሶ የሚበላ ነው። እትዬ መኖ ዱቄቱን በዘይት በጥብጣ፣ ጥላ ሥር ከመኖው ጋር እያሸች፣ ሙቀት ሳያበላሸው ትበትን ጀመር። ያን ሰሞን ፊቷ በርቶ ነበር።

በአራተኛው ቀን አንዱ ኩሬ ዳር ቁጭ ብላ ስታይ ቆየች። ጠንካሮቹ ተጋፍተው ይበላሉ፤ ደካሞቹ ከሥር ቀርተዋል። እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ገብታ በየጥጉ በተነችላቸው። ዞር ብለው አላዩትም። ሐኪሙን አስጠራችው።

«ዶክተር፣ የማይበላውን በምን ትከትበዋለህ?»

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ከሥር የቀሩትን አየ። ምናልባት በሽታው ቀድሟቸው እንደሆነ፣ ክትባቱ ለመሥራት ደግሞ ሳምንታት እንደሚፈልግ ነገራት። እሷ ክትባቱ ሙቀት ሳይገባ እንዲመጣ የግቢውን ኃላፊ ስትወተውት፣ ኃላፊው «ይደርሳል» እያለ ሁለት ወር አሳልፎ ነበር።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

በሁለተኛው ሳምንት ዓሦቹ መሞት ጀመሩ። እህቷ ሥራውን እንድትተወው ብትለምናት፣ ታዲያ ማን ይልቀማቸው ብላ እምቢ አለች። አምስቱ ኩሬዎች አለቁ። በስድስተኛው ከየአሥሩ ሦስቱ ተረፉ። ሐኪሙ እነዚህን ያተረፋቸው ክትባቱ እንደሆነ፣ ቀደም ብሎ ቢሰጥ ኖሮ ብዙዎቹ ይተርፉ እንደነበር አስረዳት። አመነችው። ማመኗ ግን አላጽናናትም፤ እንዲያውም ባሰባት።

ከዚያ ማርቢያው ይዘጋ ተባለ። የተረፉትም በሽታውን ተሸክመው ሊሆን ስለሚችል ወደ ሌላ ቦታ አይወሰዱም፤ ተገድለው ይወገዳሉ። ሐኪሙ አንገቱን ደፍቶ፣ «እትዬ፣ እርስዎ ዛሬ ባይገቡ ይሻላል» አላት።

«የለመዱት እኔን ነው» ብላ ገባች።

የኩሬው ማፍሰሻ ተከፍቶ ውሃው እየጎደለ ሲሄድ ዓሦቹ መኖ ያመጣች መስሏቸው እግሯ ሥር ተሰበሰቡ። አንድም ሳታስቀር በመረብ አወጣቻቸው። ስትጨርስ ቦት ጫማዋን በጀርም ማጥፊያ አጥባ፣ የመኖ ቤቱን ቁልፍ ለዘበኛው ሰጥታ ሄደች። አሁን እህቷ ቤት ናት። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ደውሎላት ነበር፤ አላነሳችም።