የሀያት መስመር

ልጅ ሳለሁ ከጅብ ይልቅ አቀንጭራን እፈራ ነበር። የወልድያ ልጅ ብሆንም የጅቡን ድምፅ እንኳ አውቀዋለሁ፤ አቀንጭራን ግን በዓይኔ አይቻት አላውቅም፣ የማውቃት አያቴ አባባ ይመር በሚነግሩኝ ተረት ብቻ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቴ ከወልድያ ይዛኝ ትነሳና መርሳ ላይ መኪና ቀይረን ግራና ታደርሰኛለች፤ ለአባቷ አስረክባኝ በማግስቱ ትመለሳለች። አባባ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ። ግን ብቸኛ ሰው አይመስሉም፤ ከበሬያቸው ጋር ይከራከራሉ፣ ወፍ ይሰድባሉ፣ ዝናብ ሲዘገይ ደመናውን ቀና ብለው «ምን ያንጎራድድሃል፣ ውረድ እንጂ!» ይሉታል።

ማሽላው እሸት መያዝ ሲጀምር ውሏችን ማማ ላይ ነው። በአራት ወፍራም እንጨት ላይ የቆመች ከፍ ያለች መቀመጫ ናት፤ እዚያ ላይ ሆነው አባባ ወፉን በወንጭፍ ያባርራሉ፣ እኔ ቆርቆሮ እደበድባለሁ። ፀሐይ ጠልቃ ወፉ ወደ ማደሪያው ሲሄድ ወርደው መግሪባቸውን ይሰግዳሉ፤ ከዚያ ማማው ሥር ኩበት አያይዘው እሸት ይጠብሱልኛል። ያኔ የኩበቱ ጭስ ትንኙን እያባረረ፣ ፍሙ ሂና የነካውን ጢማቸውን የባሰ እያቀላው፣ እኔ ትኩሱን እሸት በመዳፌ እያሸሁ ስጠብቅ ባትሪያቸውን ያጠፉና ከጎናቸው ያኖሩታል። ተረት በባትሪ አይወራም ባይ ናቸው።

«አቀንጭራ መሬት ሥር ተኝታለች» ብለው ይጀምራሉ። «ከሱረት የላመች ናት፤ ጣትሽ ላይ ብታርፍ አታያትም። አንድ ዓመት ትተኛለች፣ አምስት ዓመት ትተኛለች። ቢጮኹባት አትሰማ፣ ቢያርሱባት አትነቃ። አንድ ቀን ግን ማሽላ የሚባል ቁመተ ሎጋ ጎረምሳ ይመጣና ከላይዋ ቆሞ ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል። የሥሩ ሽታ አፍንጫዋ ሲደርስ፣ ያን ጊዜ ብድግ!» እኔም አብሬ ብድግ እላለሁ። አቀንጭራ እግሩን ጥርቅም አድርጋ ትይዘዋለች፤ የጠጣውን ትጠጣበታለች፣ የበላውን ትበላበታለች፤ ጎረምሳው ዝናብ እየወረደበት በጥም ይጠወልጋል፣ ሰዉም «ይሄን ደግሞ ምን ነካው?» ይላል። እሷ ከመሬት ብቅ የምትለው እሱን ካደከመችው በኋላ ነው፤ ያውም ሐምራዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ተኳኩላ! የምታሸንፋት ሰሊጥ ናት። ሰሊጥ ሥሯን ስትሰድ ሽታው ያታልላትና አቀንጭራ ትነቃለች፤ ግን የምትይዘው እግር ታጣለች፣ ተመልሳ መተኛት ደግሞ አይሆንላትም፣ እዚያው በረሃብ ታልቃለች። እኔ እዚህ ላይ ሁልጊዜ አጨበጭባለሁ።

አስር ዓመት በሞላኝ ክረምት አባቴ የግራና ነገር ይብቃ አለ፤ ከከርሞ ጀምሮ ወልድያ ሆኜ የማጠናከሪያ ትምህርት እማራለሁ። ለአባባ የነገርኳቸው እኔው ነኝ። «ጥሩ ነው፣ ትምህርት ጥሩ ነው» አሉና ያን ምሽት ተረት ሳይነግሩኝ ተኙ። አንጀቴን በሉት። ስለዚህ ለዘመን መለወጫ ላስደስታቸው ፈለግኩ። ወልድያ የሰፈራችን ሴት ልጆች ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ አበባ ይዘን ቤት ለቤት እንዞራለን፤ ግራና ግን ቆላ ነው፣ ያን ቢጫ አበባ ከየት ላምጣው! ስፈልግ ስፈልግ ውዬ፣ ከቦዩ ማዶ በጎረቤታችን በእትዬ ዘነቡ ማሽላ ውስጥ ሐምራዊ አበባ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ አየሁ። እትዬ ዘነቡ ልጇ ወደ ከተማ ከሄደባት ወዲህ ለአረም የሚደርስ እጅ አልነበራትም። አበባው ከእግሩ በኩል ረግፎ ጥቃቅን ፍሬ ቋጥሯል፣ ከጫፉ ግን ገና ይፈካል። ሱብሃነላህ፣ እንዴት ያምራል! አንድ እቅፍ ሙሉ ነቀልኩ፣ ጥቂቱን ፀጉሬ ላይ ሰካሁ፣ ከዚያ በአባባ ማሳ መሀል ለመሀል እየጨፈርኩ፣ አበባዬን ግራና ቀኝ እያወዛወዝኩ ወደ ማማው መጣሁ።

«አባባ! እንኳን አደረሰዎ!»

ቀና ብለው አዩኝ። ወንጭፉ ከእጃቸው ወደቀ።

«ባለሽበት! ባለሽበት ቁሚ! ንቅንቅ እንዳትይ!»

እባብ የረገጥኩ መስሎኝ ደርቄ ቀረሁ። ጠዋት ማታ ጉልበቴን ጉልበቴን የሚሉት ሽማግሌ መሰላሉን እንደ ጦጣ ወረዱት።

«ይቺን ታውቂያታለሽ?»

«አበባ ናት።»

«አቀንጭራ ናት!»

ጮኼ እቅፌን ሁሉ ወረወርኩት፤ ያውም መሬት ላይ። «ወይ አንቺ ልጅ፣ ጨረስሽኝ!» አሉ። አበባውን አንድ ባንድ ለቅመው ኩበት አያይዘው አቃጠሉት፣ ፀጉሬን ኩታቸው ላይ አራገፉት፣ ከዚያ እግሬ መሬት እንዳይነካ በጀርባቸው አዝለው ከማሳው አወጡኝ። እኔ ጀርባቸው ላይ ሆኜ እንባዬን አዘራለሁ።

«አባባ፣ አሁን ትነቃለች?»

«ትነቃለች።»

«መቼ?»

«እንጃላት። ደስ ባላት ጊዜ ነዋ።»

በማግስቱ ከቦዩ እስከ ማማው የሄድኩበትን መስመር በመጥረጊያ ጠረግነው። ግራና ውስጥ ማሳ የጠረገ ሰው ከእኛ በፊት የነበረ አይመስለኝም። እትዬ ዘነቡ ከቦዩ ማዶ ሆና ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

«አያ ይመር! ጠርገህ ስታበቃ ምንጣፍ ልታነጥፍበት ነው?»

«አንቺ ያሳደግሻትን ጉድ ነው የምጠርገው!» አሏት ቀና ሳይሉ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ወልድያ ተመልሼ ትምህርት ከጀመርኩ በኋላ እንኳ፣ ከመሬት ሥር ያቺ ሴትዮ በእኔ ጦስ ተኝታ የአባባን ማሽላ ስትጠብቅ በዓይነ ሕሊናዬ ትታየኝ ነበር። ያ ማሳ የዓመት ጉርሳቸው መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔ ደግሞ በአንድ ቀን ጭፈራ አበላሸሁት።

ሰኔ ላይ ጥምጥማቸውን አሳምረው ራሳቸው ወልድያ መጡ። ሶፋው ላይ ገና ሳይቀመጡ አባቴን «ልጅህ ማሳዬ ላይ አቀንጭራ ዘርታብኛለች። በዘራችው ትምጣና ታርም» አሉት።

«ስንት ጊዜ ነው የምታርመው?» አለ አባቴ እየሳቀ።

«የዚያችን ዘር ዕድሜ አላህ ነው የሚያውቅ። አስር ዓመትም ብትተኛ አይሰለቻት።»

እኔ ልብሴን ለመሸከፍ ሮጥኩ። የማጠናከሪያው ነገር በዚያው ቀረ።

የዚያን ክረምት መስመሩ ላይ ሰሊጥ ዘራንበት፤ ከዚያ ወዲያ ግን ማሽላ ተመለሰ። በየክረምቱ ስመጣ ቁርሴን እንኳ ሳልበላ ማሳው ውስጥ እገባለሁ፤ ከቦዩ ጀምሬ በማሽላው እግር ሥር ጎንበስ ብዬ እፈትሻለሁ። ሁልጊዜም፣ አንድም ዓመት ሳይጓደል፣ ሦስት ወይም አራት እግር አገኛለሁ፤ ገና ያላበቡ፣ አረንጓዴ። በጣቴ ይዤ ከሥራቸው ስነቅላቸው የሚሰማኝን ደስታ ምን ልበላችሁ! «አባባ! አገኘኋት!» ብዬ እጮሃለሁ። እሳቸውም ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ያዩና «ይቺማ እንዴት አመለጠችኝ! ዓይኔ ደክሟል መሰለኝ። ለከርሞም ሳትመጪልኝ እንዳትቀሪ» ይሉኛል። ማታ ኩበቱ ተያይዞ፣ የነቀልኳት አቀንጭራ ፍሙ ላይ ስትጨስ፣ ተረቱ እንደገና ይነገራል፤ አሁን ግን መጨረሻው ላይ ከሰሊጥ ጋር በእኔ ስም ሀያት የምትባል አንዲት ጀግና ተጨምራበታለች። ጎረቤቱም ያቺን ቦታ የሀያት መስመር ይላት ጀመር።

አባባ ሲሞቱ፣ አላህ ይርሀማቸው፣ እኔ አድጌ መርሳ አስተማሪ ሆኜ ነበር። ለቅሶው ላይ ከእትዬ ዘነቡ አጠገብ ተቀምጬ የልጅነቴን ሸክም አወጣሁት፤ «ማሳቸውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ስንት ዓመት አደከምኳቸው» ብዬ አለቀስኩ። እትዬ ዘነቡ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ በለቅሶ መሀል፣ ሳቋ አመለጣት።

«ምን አልሽ? ኧረ ልጄ! ያ ማሳ ያለ አቀንጭራ የከረመበት ጊዜ የለም፤ አንቺ ሳትወለጂም ነበረበት። አያ ይመር ጎህ ሲቀድ ወፍ ሊጠብቅ ሲወጣ ነው ሳያብብ የሚለቅመው። አንቺ እንቅልፍሽን ስትለጥጪ የት ታዪዋለሽ? አንቺ የምትመጪበት ቀን ሲሆንማ ሌላውን ሙልጭ አድርጎ ይነቅልና በመስመርሽ ላይ ሦስት አራት እግር ይተዋል። ‹አያ ይመር፣ ረሳሃት እኮ› ስለው፣ ‹ተያት፣ የሀያት ናት› ይለኛል።»

ለቅሶውንም ሳቁንም አንድ ላይ ለቀቅኩት። ለካ ዓይናቸው አልደከመም ነበር! እኔ ዕዳ እየከፈልኩ መስሎኝ ስመላለስ፣ እሳቸው ልጅ የሚጠሩበትን ዘዴ ከማሳቸው ሥር አግኝተው ነበር።

ማሳው አሁን የእናቴ ነው፤ የእትዬ ዘነቡ ልጅ ከከተማ ተመልሶ በእኩል ያርሰዋል። ባለፈው ክረምት የሰባት ዓመት ልጄን ይዣት ሄድኩ። ማታ ኩበት አያይዤ፣ ቀን ነቅዬ ያሳየኋትን አቀንጭራ ፍሙ ላይ ጥዬ፣ የስልኬን መብራት አጥፍቼ፣ ተረቱን እንዳለ ነገርኳት፤ ብድግ የሚባልበት ቦታ ላይ እሷም ብድግ አለች። ጎህ ሲቀድ ተኝታ ትቻት ማሳው ውስጥ ገባሁና ያገኘሁትን አቀንጭራ ሁሉ ለቀምኩ። የሀያት መስመር ላይ ስደርስ ሦስት እግር አየሁ። ቆም ብዬ አየኋቸውና አለፍኩ።

ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ልጄ ዓይኗን እያሸች መጣች። ብዙም አልቆየች።

«እማዬ! እማዬ! ያቺን ሴትዮ አገኘኋት!»

ሮጬ ሄድኩና ጎንበስ ብዬ ዓይኔን ጠበብ አደረግኩ።

«ይቺማ እንዴት አመለጠችኝ!» አልኳት። «ዓይኔ ደክሟል መሰለኝ። ለከርሞም ሳትመጪልኝ እንዳትቀሪ።»