ለቅሶ የደረስንላት ልጅ

የግብርና ተማሪ ሆኜ ወደ እስራኤል በረሃ የተላክሁት ለአንድ ዓመት ነበር። አብዛኛውን ሳምንት እርሻ ላይ ቃሪያ እንለቅማለን፣ በመሀል ክፍል ገብተን እንማራለን፣ አንዷ ቀን ደግሞ የራሳችን ናት። ጓደኞቼ እሷን ቀን በእንቅልፍና በልብስ አጠባ ነው የሚጨርሷት። እኔ ግን ከቤት ስወጣ አባቴ ኢየሩሳሌምን ሳልሳለም እንዳልመለስ አደራ ብሎኝ ነበርና፣ አንድ አርብ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

የማውቃት ኢየሩሳሌም የቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ የተሳለችው ናት፤ ሰማይዋ ወርቅ፣ ሰዎቿ ዓይናቸውን ወደ ላይ ያቀኑ። ከአሮጌው ግንብ በር ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ግን በዕድሜ ከእኔ የሚያንሱ ወታደሮች ጠመንጃ አንግተው አይስክሬም ሲልሱ ነው። ጌታ መስቀሉን ተሸክሞ አለፈበት በሚባለው ጠባብ መንገድ ዳርና ዳር ሱሪ፣ ቅመምና የሴት የውስጥ ልብስ ተሰቅሎ ይሸጣል። አንዱ ነጋዴ በላስቲክ የታሸገ የእሾህ አክሊል ይዞ፣ ዋጋውን እየቀነሰ እስከ መታጠፊያው ድረስ ተከተለኝ። ከአንዱ በኩል አዛን፣ ከሌላው ደወል ይሰማል። ጥቁር ካፖርት የለበሱ ሰዎች ማንንም ሳያዩ እየገፉኝ ያልፋሉ። የጌታ መቃብር ካለበት ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ብዙ ተሰልፌ ስደርስ ገና ከመንበርከኬ በር ላይ የቆመው ሰው አጨብጭቦ አስወጣኝ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው ይህን ነው? ስወጣ ማልቀስ አማረኝ።

አንድ የውሃ ሻጭ መልኬን አይቶ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረና የእናንተ ሰዎች ጣራው ላይ ናቸው አለኝ። የሚያሾፍ መስሎኝ ነበር። ደረጃውን ስወጣ ግን እውነትም የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ላይ በራቸው ዝቅ ያሉ የመነኮሳቶቻችን ትንንሽ ጎጆዎች፣ አንድ ዛፍ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ነጠላ አየሁ። ከሰበታ ወጣ ብሎ ያለ መንደር የገባሁ መሰለኝ።

ግቢውን የምትጠርግ ሴት መጥረጊያዋን አስደግፋ በጆግ ውሃ አመጣችልኝ። ከየት እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፤ ከሰበታ አልኳት። ከተማው ውስጥ እንደሆነ ጠየቀች፤ አይደለም፣ ወደ ተፍኪ በሚወስደው መንገድ ነው አልኳት። ከዚያ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። የአባቴን ስም ነገርኳት።

«ኦቦ» ብላ፣ በኦሮምኛ አቶ ማለት ነው፣ ስሙን ደገመችው። ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጠች። «እግሩን በሬ የወጋው?»

«አዎ።»

«ትንሹ ነህ? በጀርባዬ አዝዬህ ነበር እኮ።»

ያን ጊዜ ነው ፊቷን በደንብ ያየሁት። የጎረቤታችን ልጅ ናት። ይህንን ፊት ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ፎቶ ላይ ነበር፤ ፎቶውን እናቷ ደረቷን እየደቃች ድንኳን ውስጥ ይዛው ስትዞር። በሱዳን በኩል አብራት የተጓዘች ሴት ታስራ ተመልሳ፣ በረሃ ላይ ታማ ወድቃ ቀረች ብላ ነግራን፣ መንደሩ ሁሉ አልቅሶላታል። እኔም ወንበር ተሸክሜያለሁ፣ ንፍሮ አድያለሁ። አማተብኩ። ከአፌ የወጣው፣

«አንቺ እኮ ሞተሻል» የሚል ነበር።

ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው። መልኬን ስታይ ሳቋ ተቋረጠና አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የሰማነውን ሁሉ ነገርኳት። እየተንተባተብኩ ስለነበር እያስደገመች ነው የሰማችኝ። መውደቋ እውነት ነው፤ ጥለዋት ሄደው ሌሎች መንገደኞች አነሷት። ከዚያ፣ «እናቴ ይሄን ሳትሰማ መሞቷ ደግ ነው» አለች።

አሁንም የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። «እናትሽማ አለች» አልኳት። «ዓለም ገና ከተማ ነው ያለችው።»

እጄን ያዘችኝ። አያያዟ ያሳምም ነበር። እንደነገረችኝ፣ የእስራኤልን ድንበር አልፋ ስልክ ያገኘች ቀን የጎረቤት ቁጥር ላይ ደውላ ነበር። ያነሳው ሰው ማን እንደሆነ አላወቀችውም። ከጀርባው ዋይታ ይሰማል። እዚህ ለቅሶ ላይ ነን፣ ሌላ ጊዜ ደውዪ ብሎ ዘጋባት። ስትሄድ እናቷ በልብ ሕመም ተኝታ ስለነበር፣ በእኔ ብስጭት ሞተች ብላ አመነች። ከዚያ በኋላ ማን ዘንድ፣ ምን ብላ ትደውል? በዚህ ከተማ አንዲት አሮጊት እየጦረች፣ አርብ አርብ እየመጣች ጣራውን የምትጠርገው ለእናቷ ነፍስ ነበር። የሰማችው ለቅሶ የራሷ ነበር ማለት ነው።

አባቴ ዘንድ ደወልኩ። መጀመሪያ ፀሐይ መትቶህ ነው፣ ጥላ ፈልግና ተቀመጥ አለኝ። ስልኩን ሰጠኋት፤ በኦሮምኛ ጥቂት ተነጋገሩ። መልሳ ስትሰጠኝ አባቴ ስለ ፀሐዩ አላነሳም። አሁኑኑ ከእናቷ ጋር አገናኘን ብዬ ብለምነውም እሺ አላለም።

«ሞተች ሲባል በአንድ ጩኸት ነገርናት» አለኝ። «አለች ማለቱን እንኳ ቀስ ብለን እንንገራት።»

ጠበቅን። የመመለሻዬ አውቶቡስ የአይሁድ ሰንበት ሳይገባ የሚወጣው የመጨረሻው ነበር፤ እንደሚያመልጠኝ አውቄ ተቀመጥኩ። ዓለም ገና የሆነውን አባቴ በኋላ ነው የነገረኝ። እናትየዋ መሬታቸው ለፋብሪካ ከሄደ ወዲህ ባጃጆች ከሚቆሙበት ዳር ሽንኩርት ትሸጣለች፤ ወንድ ልጇም እዚያው ባጃጅ ይነዳል። ሽማግሌዎች ጋቢ ደርበው በአንድነት ሲመጡባት ስታይ፣ የወንድ ልጇን መርዶ ይዘው የመጡ መስሏት ሽንኩርቱን በትና ሮጠች። አባቴ እያነከሰ ተከትሏት ኖሯል፤ በመጨረሻ ልጇን ራሱን ከባጃጁ አስወርደው ፊቷ አቆሙት። ከዚያ በኋላ ነው የነገሯት።

ስልኩ ሲጠራ ጥላው ግቢውን ሸፍኖት ነበር። ኔትዎርኩ ደካማ ስለነበር ምስሉ እንቢ አለ፤ ድምፅ ብቻ ነው የመጣው።

«አዬ» አለች ልጅቷ። እናቴ ማለቷ ነው።

ከዚያኛው በኩል ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማል። ቆይታ እናትየዋ፣ «እሷ ከሆንሽ ስትሄጂ ምን ብዬ መረቅሁሽ?» አለች።

«አልመረቅሽኝም። ተኝተሽ ነበር። ሳልነግርሽ ነው የወጣሁት።»

ዋይታ ጠብቄ ነበር። እናትየዋ ግን ቀስ ብላ፣ «ለምን አልቀሰቀስሽኝም?» አለች። የመለሰችላትን አልሰማሁም። ተነስቼ ወደ ጣራው ጫፍ ሄድኩ። ያን ምሽት መነኮሳቱ ማደሪያ ሰጡኝ። ከተማዋ ውስጥ ሌላ ምንም ሳላይ በማግስቱ፣ ሰንበቱ ሲወጣ፣ ወደ እርሻው ተመለስኩ።

ልጅቷ ወረቀት ስለሌላት እስካሁን አልመጣችም። በስልክ ግን ይነጋገራሉ፤ አንዳንዴም ይጣላሉ አሉ። ትምህርቴን ጨርሼ አገሬ ስገባ እናትየዋ ጋ ዓለም ገና ሄድኩ። ጥቁሩን ልብስ አላወለቀችም፤ በዓይኔ ሳያት ነው አለችኝ። ገበያተኛ እያስጠበቀች ታሪኩን ከመነሻው አስነገረችኝ።

«ጣራ ላይ ነው ያልከኝ?» አለች መሀል ላይ። «አይበርዳትም?»

የምትኖረው ሌላ ቦታ እንደሆነ፣ እዚያ አርብ አርብ ብቻ እንደምትሄድ አስረዳኋት። ራሷን ነቀነቀች፤ ግን የሰማችኝ አይመስለኝም። ለፋሲካ ወደዚያ የሚጓዝ ሰው አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ጋቢ ልትልክላት።