ቆቃ ዳር የሞከርነው ሦስተኛው ማሰሪያ

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ሴሚስተር አልቆ፣ ለእረፍት አዳማ ቤታችን በመጣሁበት ሰሞን ነው። ማንም አልሞተም፤ የተጎዳም የለም። ሆኖም ከአእምሮዬ ሊወጣ አልቻለም። ለጓደኞቼ ስነግራቸው መጀመሪያ ላይ ይስቃሉ። ስለዚህ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጎረቤታችን ጋሽ ሙላቱ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ አለፍ ብሎ ቦርሳና ቀበቶ የሚያሰፉበት ትንሽ ወርክሾፕ አላቸው። አንድ የውጭ ሀገር ገዢ እንግዳ ሥራ ላከላቸው። በረዶ ባለበት ሀገር ሰዎች ሲሄዱ እንዳይሰምጡ ከጫማቸው ስር የሚያስሩት ሰፊ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳውን ሌላ ቦታ ያሠራዋል፤ ከእግር ጋር የሚያያዝበትን ማሰሪያ ግን ጋሽ ሙላቱ እንዲሰፉለት ፈለገ። ከሰሌዳዎቹ ጋር ሦስት ዓይነት ናሙና ልኮ፣ ለእግር የሚመቸው፣ የሚበረክተው፣ ለማሰርና ለመፍታት የሚቀለው የትኛው እንደሆነ ሞክረው እንዲነግሩት ጠየቀ።

"አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ከሰሚራ ጋር ሞክሩትና በደንብ አድርገሽ ጻፊልኝ" አሉኝ። ስለታመንኩ ደስ አለኝ።

ሰሚራ በወርክሾፑ የስፌት መኪና ላይ የምትሠራ ልጅ ናት። ወላጆቿ ከወሎ ነው የመጡት። ከእኔ ብዙም አትበልጥም፤ ግን ነገር ታውቃለች፤ ስሜንም ጠርታኝ አታውቅም፤ "ፍሬሽ" ነው የምትለኝ።

ማሰሪያዎቹን እያሰርን ግቢው ውስጥ ተመላለስን። አንደኛው ቁርጭምጭሚት ይልጣል። ሁለተኛው እንደ ቀበቶ ቀዳዳና ዘለበት ያለው ነው፤ ለማሰር ጊዜ ይወስዳል። ሦስተኛው ጠፍሩ ላይ ጥርስ አለው፤ ሲስቡት ቀጭ ቀጭ እያለ ይጠብቃል። ለመፍታት የዘለበቱን ምላስ በአንድ ጣት ማንሳት ይበቃል። ወንበር ላይ ተቀምጠን ደጋግመን አሰርነው፣ ፈታነው። ሦስተኛውን ወደድነው።

የቀረን በረዶ ነበር።

"ቆቃ ሄደን ጭቃ ላይ እንሞክረው" አለች ሰሚራ። "መስመጥ ያው መስመጥ ነው።"

ጋሽ ሙላቱም ተስማሙ።

በበጋ የቆቃ ውሃ ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ ዳርቻው ሰፊ የጭቃ ሜዳ ይሆናል። ላዩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ኳስ የሚያጫውት ይመስላል። ከዳር ትንሽ ገባ ብሎ ሁለት የከብት ቀንዶች ከመሬቱ ወጥተው ይታያሉ። ሌላው አካል አይታይም።

ኦቦ ገመቹ የሚባሉ አዛውንት ዓሣ አስጋሪ ጀልባቸውን ደረቅ ላይ አውጥተው ይጠግኑ ነበር። ቀንዶቹን ስናይ አዩን።

"የጎረቤቴ ላም ናት" አሉ። "ድምጿ እስኪጠፋ ድረስ ቆመን ሰማናት። ሂንዴሚና። አትሂዱ ልጆቼ።"

"አባባ፣ እኛ እኮ ጫማ አለን" አለች ሰሚራ፣ ሰሌዳውን ከፍ አድርጋ።

"ይሄ ሰፌድ ነው እንጂ ጫማ አይደለም" አሏት።

እኔ ሁለተኛውን፣ እሷ ሦስተኛውን ማሰሪያ አሰርን። መጀመሪያ ሰሌዳው በደንብ ተሸከመን። ሰሚራ ወደ ውሃው እየቀደመች "ፍሬሽ፣ እንደ ሙሽራ አትራመጂ" እያለች ትስቅ ነበር። ከዚያ ሳቋ ተቋረጠ። የደረቀው ቅርፊት ተሰብሮ ሁለቱም እግሮቿ እስከ ጉልበት ገብተው ነበር። ልታወጣቸው ሞከረች። ጭቃው ከሰሌዳው በላይ ተመልሶ ተከድኗል። ከመስመጥ ያድናት የነበረው ስፋት አሁን ይዞ አስቀራት።

"ማሰሪያውን ፍቺው" አልኳት።

ጎንበስ ብላ በእጇ ፈለገችው። "ምላሱ አይነሳም" አለች። ድምጿ የእሷ አይመስልም ነበር።

ከእሷ ፊት ለፊት ውሃው ላይ የጉማሬ ጆሮና አፍንጫ ብቅ አለ። ተነፈሰና ጠለቀ። ቆይቶ እንደገና ብቅ ሲል ቀርቦ ነበር።

ወደ ኋላ ዞርኩ። ኦቦ ገመቹ አልጮኹም። ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም በሉ የሚል ምልክት አሳዩኝና የጀልባቸውን ገመድ ዳር ካለ ግንድ ጋር አስረው፣ እንዳይሰምጡ በደረታቸው ተደግፈውበት ጀልባውን በጭቃው ላይ ወደ እኛ መግፋት ጀመሩ።

ሰሚራ አጠገብ ደርሼ ሰሌዳዬ ላይ ተንበረከክሁ። እጄን እስከ ትከሻዬ ከትቼ ዘለበቱን አገኘሁት። ምላሱ አልነቃነቅ አለ። ጠፍሩን ስነካው እንደ ብረት ተወጥሯል። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ሰሚራ በጎተተች ቁጥር ጥርሱ አጥብቆ ይነክሳል። ወንበር ላይ ስንፈታው እግራችንን የሚጎትት ነገር አልነበረም።

"አትጎትቺ" አልኳት በሹክሹክታ። "ወደ ታች ርገጪ።"

"ወደ ታች?"

"አዎ፣ እንዲላላ።"

ለአፍታ አየችኝ። "ከሰመጥኩ አላህ ይጠይቅሽ" አለችና ረገጠች።

እስከ ጭኗ ገባች። ጠፍሩ ላላ፤ ምላሱም ተነሳ። ሁለተኛውን እግር ስንጀምር ቀና ብዬ ውሃውን አየሁ፤ ምንም አይታይም። ጉማሬው የት እንዳለ አለማወቅ እሱን ከማየት ይብስ ነበር። ሁለተኛው ሲፈታ ኦቦ ገመቹ ደርሰዋል። ሰሚራ የጀልባውን ጠርዝ ይዛ በሆዷ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። እሳቸው ጀልባው ውስጥ ሆነው ዳር የታሰረውን ገመድ እየሳቡ ደረቅ መሬት አደረሱን። ጉማሬው እንደገና ብቅ ሲል አላየንም። የሰሚራ ሰሌዳዎች ከነማሰሪያቸው እዚያው ቀሩ።

ለጋሽ ሙላቱ ሁሉንም ጻፍኩላቸው። አንብበው ሲጨርሱ ተነሡ። ከዚያ ከሦስተኛው ዓይነት ወርክሾፑ ውስጥ የቀረውን ሌላ ናሙና እግራቸው ላይ አስረው "ጎትቱኝ" አሉ። ሁለት ሠራተኞች ሰሌዳውን ይዘው ሳቡ። ጋሽ ሙላቱ ማሰሪያውን ለመፍታት ታገሉ፤ አልሆነላቸውም። ፊታቸው ጠቆረ። የዚያኑ ዕለት ለገዢው ነገሩት።

መልሱ ትሕትና የተሞላበት ነበር። ስለ ድካማችን አመስግኖ፣ በረዶ ግን ጭቃ እንዳልሆነ፣ ደንበኞቹም በምቾቱ የሚመርጡት ሦስተኛውን እንደሆነ ገለጸ። "በረዶ አይቼ አላውቅ፣ ምን ብዬ ልከራከረው?" አሉ ጋሽ ሙላቱ።

ወርክሾፑ አሁን የሚሰፋው ሦስተኛውን ነው። ከሚሰፉትም አንዷ ሰሚራ ናት። በቅርቡ ስደውልላት፣ ሰፍታ የጨረሰችውን ሁሉ አስራ እንደምትፈታው ነገረችኝ።

"ይፈታል?" አልኳት።

"ማንም ካልጎተተው ይፈታል" አለችኝ።

ምናልባት ገዢው ትክክል ይሆናል። እኔም በረዶ አላየሁም። ነገር ግን የማላውቀው ሰው፣ የማላውቀው ሀገር ውስጥ ጎንበስ ብሎ እግሩን ሲጎትት ይታየኛል። አጠገቡ "አትጎትት፣ ወደ ታች ርገጥ" የሚለው ሰው እንዲኖር እጸልያለሁ።