የሥራ አስኪያጁ ስልክ ያቆመው ሊፍት

ሊፍት በሚጠግን አንድ ድርጅት ውስጥ አንዲትን ሠራተኛ ሁሉም «እትዬ ቆልፉ» ይሏታል። ጠዋት ስትገባ ከ«እንደምን አደራችሁ» ቀድሞ ከአፏ የሚወጣው «ስልካችሁን ቆልፉ» ስለሆነ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። መጀመሪያ የደንበኞችን ጥሪ ትቀበል ነበር። በኋላ ሠላሳ ሁለቱ ቴክኒሻኖች ሊፍቶቹን ከስልካቸው ማየትና ማቆም ሲጀምሩ፣ ስልኮቹን የሚቆጣጠር ሰው ጠፋና «አንቺ ትችይበታለሽ» ተብሎ ተጫነባት። ሥልጣን ግን አልተጨመረላትም።

ደንብ ጻፈች። ስልክ ይቆለፍ፤ ለልጅ መጫወቻ አይሰጥ፤ የጠፋ ስልክ በዚያው ሰዓት ይነገር። ግድግዳ ላይ ለጠፈችው፤ በማግስቱ አንዱ ጃኬቱን ሰቀለበት። ሌላው ስልኩን ታክሲ ውስጥ ጥሎ በአራተኛው ቀን ነገራት።

«ይገኛል ብዬ ነው እኮ» አላት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!

የባሱት ግን ሥራ አስኪያጁ ነበሩ።

«የኔን ተይው፤ ጣቴ ወፍራም ነው፣ ቁጥር መነካካት አልችልም።»

«ጋሼ፣ በጣት አሻራም ይከፈታል።»

«ደግሞ አሻራ! ወንጀለኛ ነኝ?»

ይባስ ብለው፣ እሳቸው ያቆሙትን ሊፍት ከእሳቸው ስልክ በቀር ማንም እንዳያስነሳው አስደረጉ። «አለቃው ማን እንደሆነ ይታወቅ» አሉ። አደጋ አለው ብላ ደብዳቤ ብትጽፍላቸውም መሳቢያቸው ውስጥ ቀረ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተራዋ ሆኖ ቢሮ ተቀምጣ ሳለ ተደወለ። ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ ላይ ሊፍት በስድስተኛውና በሰባተኛው ፎቅ መካከል ቆሟል። ውስጡ ጥርሷን ልትታከም የመጣች እርጉዝ ሴት፣ ባሏና አንድ ሽማግሌ አሉ። ኮምፒውተሯን ስታይ ሊፍቱ አልተበላሸም፤ የቆመው በትእዛዝ ነው። ትእዛዙም የመጣው ከሥራ አስኪያጁ ስልክ ነው።

ደወለችላቸው። ያነሳችው የአምስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ናት።

«እናቴ፣ አያትሽን ስጪኝ።»

«አባባ ተኝቷል። እኔ እየተጫወትኩ ነው።» ዘጋችው።

ደሟ ፈላ። ደግማ ደወለች።

«እንደገና አንቺ ነሽ? ጨዋታዬን አበላሸሽብኝ!»

«የኔ ቆንጆ፣ እባክሽ አትዝጊው! ስልኩ ላይ ቀይ ነገር ነክተሻል?»

«ብዙ ጊዜ» አለች ልጅቱ በኩራት።

«በይ ስልኩን አያትሽ ጆሮ ላይ አድርጊው።»

ማንኮራፋት ተሰማ። «ጋሼ!» ብላ ስትጮህ የቢሮው ጥበቃ ሰው የሞተ መስሎት እየሮጠ መጣ።

«ማነው? ምንድነው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ሰው ሊፍት ውስጥ ዘግተው ተኝተዋል! ማስነሻውን፣ አረንጓዴውን ይንኩ!»

«ቆይ፣ መነጽሬ የታለ?»

መነጽር ፍለጋ ስድስት ደቂቃ ሄደ። እሷ ጸጉሯን ልትነጭ ምንም አልቀራት። በመጨረሻ አረንጓዴውን የነካችው ሕፃኗ ራሷ ናት። ሰዎቹ ከሠላሳ ስምንት ደቂቃ በኋላ በላብ ተጠምቀው ወጡ።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰበሰቡ። «በስልክ ጉዳይ ቸልተኝነታችሁ ቅጥ አጣ!» እያሉ ይወርዱበት ጀመር። እትዬ ቆልፉ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ተነሳች።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ሊፍቱን ያቆመው የእርስዎ ስልክ ነው። ወይ እንደማንኛውም ሰው ስልክ ይቆለፋል፣ ወይ ይህን ሥራ ለሌላ ይስጡልኝ። እኔ በቃኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ጫማቸውን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ፤ ከዚያ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረጉላት። «እንኪ፣ እንዳሻሽ አድርጊው» አሉ አንገታቸውን ሰብረው።

ያን ቀን የእሳቸውን ስልክ በአሻራ ቆለፈች። ሊፍት የማቆሙን ትእዛዝም የእሳቸውን ጨምሮ ከሁሉም ስልክ ላይ አነሳችው፤ ማቆም የሚቻለው ከቢሮ ብቻ ሆነ። «እግዚአብሔር ይስጥልሽ» ያላት ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ለእርጉዟ ሴት ይቅርታ ልትጠይቅ ደወለች።

«ኧረ ምንም አይደል» አለቻት ሴትዮዋ። «ባሌ በድንጋጤ የልጃችንን ስም እኔ እንዳወጣ ቃል የገባልኝ እዚያ ውስጥ ነው። ወር ሙሉ ስንጨቃጨቅ ነበር።»

እትዬ ቆልፉ ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቧ ሳቀች። ስልኩን እንዳስቀመጠች አንድ ቴክኒሻን በሩ ላይ ቆሞ ራሱን ያካል።

«እትዬ፣ የመክፈቻ ቁጥሬን ረሳሁት። ስልኩ ጀርባ ላይ ጽፌው ነበር፤ የእጄ ላብ አጠፋብኝ።»