ለእትዬ የተነደፉ ስድስት ጉርዶች

በፋሽን ትምህርት ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ሁሉም «ወይዘሮ እንከን» ይላት ነበር፤ እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች። ቀን ቀን መነጽር ቤት ትሠራለች። የሰው ዓይን ምን እንደማያይ ስታጣራ ውላ፣ ከሥራ በኋላ ደግሞ የክፍል ጓደኞቿ ምን እንደማያዩ ልታጣራ ትመጣለች። ለዚህኛው ማንም አልቀጠራትም።

እውነቱን ለመናገር፣ የሚናቅም አልጠፋም። አስተማሪው በሙቀትም በብርድም አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሞ «ጉርዱ ይናገር፣ እናንተ ዝም በሉ» የሚል ሰው ነው። እሱ ራሱ ግን ዝም ብሎ አያውቅም። ከፊት የሚቀመጠው ጎረምሳ በነደፈው ጉርድ ሁሉ ላይ የዶሮ ላባ ይለጥፋል፤ ለምን ሲባል «ነፃነት ነው» ይላል። ዶሮ በላባዋ የት እንደደረሰች የጠየቀው የለም። ሌላዋ ደግሞ ዚፕም ቁልፍም የሌለው ጉርድ ነድፋ «በየት በኩል ይለበሳል?» ስትባል ገና እያሰበችበት ነው። ወይዘሮ እንከንን ከሁሉ የምታበግናት ግን በመስኮቱ በኩል የምትቀመጠው የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ነበረች። የእሷ ሴቶች እግራቸው የስልክ እንጨት ነው። ጉርዳቸው ከጉልበት በላይ ይቀርና ሽንሽኑ ይበተናል። ወይዘሮ እንከን «ቀጭኔ» የሚል ስም አወጣችላት፤ ስም በማውጣት የሚያህላት አልነበረም።

የእግሩ ነገር ከትምህርት ቤቱ የመጣ ነው። ለሁሉም የታደለ አንድ የሴት ምስል አለ፤ ራሷ ሎሚ የምታህል፣ እግሯ ማለቂያ የሌለው። ተማሪው ምስሉን ከታች አድርጎ ስስ ወረቀት ይደርብበትና ጉርዱን በላዩ ላይ ይነድፋል። ወይዘሮ እንከን የተሰጣትን ሰው እያየ ቀዳድዳ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። «እንዲህ ያለች ሴት የወለደ የለም» አለች።

የመጨረሻው ሥራ ስድስት ጉርድ መንደፍ ነበር። ተማሪው ለሚያውቃት አንዲት ሴት ይነድፋል፣ አንዱን መርጦ ይሰፋል፣ ሴትዮዋም ለብሳው በእንግዶች ፊት ትራመዳለች። የሚራመድለት ያጣ ምስክር ወረቀት አያገኝም። ወይዘሮ እንከን ደግሞ ያን ወረቀት ይዛ ከመነጽር ቤቱ ለመገላገል ስትመኝ ነው የከረመችው። «እኔ የማለብሰው እህቴን ነው። እውነተኛ ሴት ምን እንደምትመስል ታያላችሁ» ብላ አፏን ሞልታ ተናገረች። እህቷን ግን አልጠየቀቻትም።

ታላቅ እህቷን «እትዬ» ነው የምትላት። ሁለቱም ሳያገቡ፣ ወላጆቻቸው በተዉላቸው ባለ ሁለት ክፍል ቤት አብረው ይኖራሉ። እትዬ ላቦራቶሪ ውስጥ ደም ስትመረምር የምትውል፣ ንግግሯም እንደ መርፌዋ አጭርና ጠቅ የሚያደርግ ሴት ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ግራ እግሯ ከቀኙ ያጥራል፤ ስትራመድ ዘንበል ትላለች። ሰፈሩ ለምዶታል፣ እሷም ለምዳዋለች። ያልለመደችው ታናሿ ብቻ ናት፤ አብረው ሲወጡ ሁልጊዜ በግራዋ በኩል ሆና ትጋርዳታለች።

እናም ምስሉን ከእትዬ ፎቶግራፍ እያየች ራሷ ነደፈችው። ፊቱ የእትዬ፣ ሰፊው ዳሌ የእትዬ፣ አጭሩ አንገት የእትዬ። በላዩ ስድስቱን ጉርዶች ደረደረች፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ድርብ፣ አንዱ በጎን ተደራርቦ የሚወርድ፣ ሁሉም ግን መሬት የሚጠርጉ። በዚያ ክፍል እንዲህ ያለ ሥራ ታይቶ እንደማይታወቅ ቅንጣት አልተጠራጠረችም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

እሑድ ከሰዓት ምስሉንና ንድፎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ የእንግዶቹንም ነገር አንድ ባንድ ነገረቻት። እትዬ መነጽሯን አድርጋ ሁሉንም አየች።

«ማናት ይቺ?»

«አንቺ ነሻ፣ እትዬ። ፊቱን አታይውም?»

«ፊቱንማ አየሁት። እግሮቿ እኩል ናቸው።»

ወይዘሮ እንከን ምስሉን ወደ ራሷ ሳበችው። እውነት ነው፤ ሴትዮዋ ቀጥ ብላ ቆማለች፣ ዳሌዋ አላዘነበለም፣ ሁለቱ ተረከዞቿም አንድ መስመር ላይ አርፈዋል። የሌለ እግር ትስላላችሁ እያለች በሰው ስታፌዝ የከረመችው ሴት ለገዛ እህቷ እግር ቀጥላላት ነበር። እጇ መቼ እንዳደረገው እንኳ አታውቅም።

ወሬ ለማስቀየር ስልኳን አወጣችና «ተይው እሱን፣ ይልቅ የሚያስቅ ነገር ላሳይሽ» አለች። ቤት ወስዳ ልትስቅበት የቀጭኔን ንድፎች ፎቶ አንስታ ነበር። እትዬ ግን አልሳቀችም። እስከ መጨረሻው አይታ ወደ አንዱ ተመለሰች፤ ከጉልበት በላይ ወደሚቀረው ሽንሽን።

«ይሄን ከሰፋሽልኝ እራመድልሻለሁ።»

«አበድሽ እንዴ? እግርሽ እኮ ይታያል።»

«ይታያ። ለመታየት አይደል የጠራሽኝ?»

«ሰው ይስቅብሻል።»

«በሰው የምትስቂው አንቺ ነሽ» አለች እትዬ፣ ስልኩን እየመለሰችላት። «ዓለሙን ሁሉ ትንቂያለሽ፤ እኔን ለይተሽ ታዝኚልኛለሽ። እንደ እነሱ ብትንቂኝ ይሻለኝ ነበር።»

ወይዘሮ እንከን አፈረች፤ ማፈሯም አናደዳት። ስድስቱን ንድፎች ሰብስባ አልጋዋ ስር ከተተቻቸው።

በማግስቱ ወደ መስኮቱ ሄዳ ከዳቦ ጋጋሪው ልጅ አጠገብ ቆመች።

«ሽንሽኑን ጉርድ ልስፋው? ለእህቴ ነው።»

«ያስቃል ብለሽ አልነበር?»

«አሁንም ያስቃል። እሷ ግን ወደደችው።»

ልጅቷ ትንሽ አስባ እሺ አለች። አስተማሪውም የነዳፊዋ ስም ከፊት፣ የሰፊዋ ስም ከኋላ እንዲጻፍ አድርጎ ፈቀደ፤ በዚያ ላይ ስለ ትሕትና ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። ወይዘሮ እንከን ሻርፑን እያየች አስጨረሰችው።

ጉርዱ ተሰፍቶ ለልክ ሲደርስ እትዬ ወንበር ላይ ቆመች። ጠርዙ ከወገብ ወደ ታች ተለክቶ ስለነበር በግራ በኩል ወርዶ ተንጋዷል። ወይዘሮ እንከን ፈታችው። በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ማስመሪያውን ወንበሩ ላይ አቁማ፣ ከታች ወደ ላይ እየለካች ዙሪያውን በጠመኔ ምልክት አደረገች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱን እግሮች ከቅርብ አየቻቸው፤ ግራው ቀጠን ይላል፣ ጉልበቱ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለው። ስፒሉን ሰክታ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። ጠርዙ ቀጥ ብሎ ዞረ፤ እትዬ ግን እንዳዘነበለች ቆማለች።

«እሺ፣ ወይዘሮ እንከን» አለች እትዬ። ስሙን ከማን እንደሰማችው አይታወቅም። «እንከን አለው?»

ወይዘሮ እንከን ጉርዱን ከላይ እስከ ታች አየችው። ዞራ ከኋላም አየችው። መፈለጉንስ አጥብቃ ፈልጋለች።

«አለው» አለች በመጨረሻ። «እኔ አልነደፍኩትም።»

እትዬ ከወንበሩ ልትወርድ እጇን ዘረጋች። ታናሿ ያዘቻት፤ ከዚያም፣ ከልማዷ ውጪ፣ በቀኟ በኩል ሆና እስከ መስታወቱ አብራት ሄደች።