በፊርማ ብቻ የሚናገሩት ሰውዬ

ተማሪዎቹ ጋሼ ቁልፍ ይሏቸዋል። በአንድ የክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። የሚጠብቁት ምድር ቤት ያለውን የብረት ቁም ሣጥን ነው፤ እምነት ይፈታተናሉ የተባሉ መጻሕፍት የሚቆለፉት እዚያ ነው። ማንበብ የፈለገ ሁሉ የዲኑ ፊርማ ያረፈበት ቅጽ ይዞ ይመጣል። እሳቸውም ቅጹን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ፊርማውን አይተው መጽሐፉን ያወጣሉ።

አንድ ቀን አዲሱ ዲን አስጠሯቸው።

«ጋሼ፣ እስቲ የትኛው መጽሐፍ ምኑ ላይ እንደሚያስቸግር በዝርዝር ይጻፉልን።»

የታዘዙትን የማያጓድሉ ሰው ናቸውና ሁሉንም አንድ በአንድ አነበቡ። ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። ዝርዝሩን ሲያስረክቡ ዲኑ ክው አሉ።

«ይኼን ሁሉ አነበቡት? እምነትዎስ?»

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ዲኑ ግን እንቅልፍ አጡ። ሦስት የነገረ መለኮት መምህራን ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው፣ «እግዚአብሔር የለም የሚሉትን ምን ይመልሱላቸዋል?» ሲሉ ጠየቁ። ጋሼ ቁልፍ መልስ ከመስጠታቸው በፊት የሰዎቹን ሐሳብ ሳያዛቡ አስረዱ። ከመምህራኑ አንዱ ሳያስበው፣ «እሱስ ልክ ነው» ብሎ አመለጠው። ሁለቱ ዞረው አፈጠጡበት።

«መልሱ እኮ ገና ነው» አሉ ጋሼ ቁልፍ።

«ይበቃል! ይበቃል!» አሉ ሰብሳቢው።

ውሳኔው በማግስቱ ተለጠፈ። በሠራተኛው እምነት ላይ እንከን አልተገኘም፤ ነገር ግን የቁም ሣጥኑ ይዘት ወደ እሳቸው ስለተዛወረ፣ ከእንግዲህ እሳቸውን ማነጋገር የሚቻለው በዲኑ ፊርማ ብቻ ነው። ደረታቸው ላይም በተቆለፉት መጻሕፍት ላይ እንዳለው ያለ ቀይ ምልክት ተደረገ።

ባለቤታቸው ምልክቱን ሲያዩ በሳቅ ፈረሱ። «እኔስ ቅጽ ልሙላ እንዴ?»

እሳቸው አልሳቁም። «ዘርዝር አሉኝ፣ አንብቤ ዘረዘርኩ። አሁን እንደ ተላላፊ በሽታ ይሸሹኛል።»

ሳምንቱን ሙሉ ቅጽ ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም። ከዚያ አንዲት የነገረ መለኮት ተማሪ የተፈረመ ቅጽ ይዛ መጣች። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «ጋሼ፣ የተጠራጠረ ሰው ይጸልያል?» አለቻቸው።

«እኔ እያንዳንዱን መጽሐፍ ስጨርስ ጸልያለሁ» አሏት። «አንዳንዴ ምን እንደምል ጠፍቶኝ ዝም ብዬ እንበረከክ ነበር።»

ልጅቷ እንባዋን ጠርጋ ወጣች። በማግስቱ ሰባት ሰው መጣ። በወሩ ሰልፉ ደረጃውን አልፎ ግቢ ወጣ፤ መጽሐፍ ገልጠው የማያውቁ ሁሉ ቅጽ ይዘው ተሰለፉ። ዲኑ ሲፈርሙ እየዋሉ አውራ ጣታቸው አበጠ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዲኑ ራሳቸው ወረዱ።

«ቅጽ?» አሉ ጋሼ ቁልፍ።

«እኔ እኮ ነኝ ፈራሚው!»

«እንግዲያው ይፈርሙ።»

ዲኑ ለራሳቸው ፈቀዱ፤ ፈረሙ፤ በሩን ዘጉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከተማሪነታቸው ጀምሮ ማንንም ደፍረው ያልጠየቁትን ጠየቁ።